ወንፈል በልቶ “ደቦ መስሎኝ ነበር”

ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር አብረን ኮድ የምንጽፍ ልጆች አንድ ነገር “ወሰንን” ተባለ። ተባለ ያልኩት እኔ ስላልነበርኩ ነው። ለዓመታት በትርፍ ሰዓታችን የሠራነው፣ ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ሳይቀር በፍላሽ እየተቀባበልን የገፋንበት የአማርኛ ፊደል ግድፈት ማረሚያ፣ ላይሰንሱ (ሰው ኮዱን በምን ውል እንደሚጠቀምበት የሚለው ፈቃድ) ከጂፒኤል፣ ማለትም የሚያሰራጨው ሰው ኮዱን አብሮ እንዲሰጥ ከሚያስገድደው፣ ወደ ኤምአይቲ፣ ዘግቶ መሸጥንም ወደሚፈቅደው፣ ይቀየር ብለው ካፌ ውስጥ እጅ አውጥተው አጸደቁ። አንድ ድርጅት ምርቱ ውስጥ ሊያስገባው ፈልጎ ጂፒኤሉ አልተመቸውም አሉ። ይሄ ብቻውን ባላናደደኝ። ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ግን፦ “አንተ ደግሞ! እዚህ አገር በላይሰንስ ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል? ዝም ብለህ ሰላማችንን አታደፍርስ።”

ማን ይከሳል? በዚህ ሒሳብ የጎረቤት ዶሮም ይታረዳል። በዶሮ ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል?

ለነገሩ ሕጉም አለ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ማስመዝገብ እንኳ አይጠይቅም። ራስህ ፈጥረህ ከጻፍከው ያንተ ነው። ስለዚህ እኔ የጻፍኳቸው ፋይሎች የኔ ናቸው፣ የፍኖተ ሰላሙ ልጅ የጻፋቸውም የእሱ። ስድስት ሰው ማኪያቶ እየጠጣ እጅ ስላወጣ የቀረነውን የአምስታችንን ሥራ እኛ ባልሰጠነው ቃል ለሌላ መስጠት አይችልም። ፊልም የምናይበት ቪኤልሲ የለ? እ.ኤ.አ. በ2011 እና 2012 የውስጥ ሞተሩን ከጂፒኤል ላላ ወዳለው ወንድሙ ወደ ኤልጂፒኤል ሲያዛውሩት ኮድ ያዋጡትን ሰዎች አንድ በአንድ እየፈለጉ ነው የጠየቁት። እኛ አሥራ አንድ ነን። አሥራ አንድ! ግማሾቻችን አንድ ሰፈር ነው የምንኖረው።

ደግሞ የሚገርመኝ ጎጃም ያደገ ሰው ላይሰንስ ግራ ሲገባው ነው። ደቦና ወንፈል አንድ ነው እንዴ? ደቦ የጠራ ሰው ጠላውን ይጠምቃል፣ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ሠርተህለት፣ መርቀህ ወደ ቤትህ ነው። ወንፈል ግን ብድር ነው። ዛሬ የኔን ጤፍ ካረምክ ነገ ያንተን አርማለሁ፣ ቀን በቀን፣ ጉልበት በጉልበት። ኤምአይቲ ደቦ ነው፤ ስሜን ከነላይሰንሱ ጽሑፍ አትፋቅ እንጂ ወስደህ ዘግተህ ብትሸጠውም ማን ጠየቀህ። ጂፒኤል ወንፈል ነው፤ ውሰድ፣ ቀይር፣ ሽጥም፣ ግን ለሌላ ስታሰራጨው ኮዱን በዚያው ላይሰንስ አብረህ ስጥ። እርግጥ ብድሩ የሚመለሰው ፕሮግራሙን ካንተ ለተቀበለው ነው፣ ለኔ አይደለም። ቢሆንም ብድር ብድር ነው።

ልጅ ሆኜ ማቻክል አጎቴ ቤት ያየሁት ትዝ ይለኛል። የወንፈል ቀኑ ሲደርስ እሱ አሞኛል ብሎ ትንሹን ልጁን ላከ። ማታ ሰዎቹ ቤቱ መጥተው “ጎልማሳ ወስደህ ጨቅላ ትመልሳለህ?” አሉት። ተከራከሩ፣ ድምፅ ከፍ ከፍ አለ፣ አክስቴ ጠላ ቀዳች፣ እየጠጡም ተከራከሩ። በማግስቱ አጎቴ ራሱ ማጭዱን ይዞ ሄደ። ያን ቀን “ሰላም አታደፍርሱ” ያለ ሰው አልነበረም። የኛዎቹ ግን የሰውን ወንፈል ከበሉ በኋላ “ደቦ መስሎን ነበር” እያሉ ነው፤ ስትጠይቃቸው ደግሞ ጸበኛው አንተ ነህ።

ጂፒኤል መሸጥ አይከለክልም፣ መዝጋት እንጂ። እና ድርጅቱን ያልተመቸው የቱ ይመስላችኋል? “ጥሩ ልጆች ናቸው” ተብያለሁ። ይሁኑ። ጥሩ ልጆች ኮዱን ቢያሳዩ ምን ይጎድልባቸዋል?

ሰላም አደፈረስክ የሚለውን ደግሞ እንየው። እ.ኤ.አ. በ2007 የጂፒኤል ሦስተኛው ስሪት ሲወጣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ አልወደደውም፤ ፊት ለፊት ተናገረ፣ የጂፒኤል ጸሐፊው ሪቻርድ ስታልማንም ከአቋሙ ፍንክች አላለም። የሊኑክስ ከርነል (እምብርቱ) ዛሬም ያለው በ1991ዱ ሁለተኛ ስሪት ነው። የሁለቱ ሥራ ግን ላፕቶፔ ላይ ጎን ለጎን ይሠራል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ሃሺኮርፕ የሚባለው ድርጅት ቴራፎርም የተባለ ፕሮግራሙን ላይሰንስ ወደ ጠበቅ ያለ ቀየረ፤ ብዙ ሳይቆይ ኦፕንቶፉ የሚባል ፎርክ (ከነባሩ ኮድ ተገንጥሎ ለብቻው የሚቀጥል ቅጂ) ተወለደ። በመጋቢት 2024 የዳታቤዝ ፕሮግራሙ ሬዲስም እንዲሁ ቀየረ፤ በቀናት ውስጥ ቫልኪ የሚባል ፎርክ መጣ፣ በ2025 ሬዲስ ራሱ የጂፒኤል ዘመድ የሆነውን ኤጂፒኤልን በአማራጭነት ይዞ ተመለሰ። ሕጋዊ መብት ነበራቸው፣ እሺ። ግን ማኅበረሰቡን ለሁለት የከፈለው ጠያቂው ነበር?

ኤምአይቲ መጥፎ ነው አልወጣኝም። ከመጀመሪያው ደቦ ነው ብላችሁ ብትጠሩኝ ሮጬ እመጣ ነበር፣ ጠላ ባይኖርም። ወንፈል ብላችሁ ጠርታችሁኝ ነው የመጣሁት።

የኔ ሰባት ፋይሎች በጂፒኤል ይቀጥላሉ። የማይመቸው ከባዶ ይጻፋቸው፤ የግስ እርባታዋን ክፍል ለጻፈ ሰው ከወዲሁ እግዜር ይርዳው። ቅዳሜ የማኪያቶው ሒሳብ የኔ ተራ ነው፣ እመጣለሁ።