ሃያ ቆርኪ በካልሲ

የድሮዎቹ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (በዳይስና በምናብ የሚጫወቱት የተረት ጨዋታ) የጀብዱ መጽሐፎች ቀጭን ስለነበሩ ነው የሚናፍቁን፣ የአሁኖቹ ግን አይረቡም ብለህ ጽፈሃል። ስለ ቅጥነታቸው ያልከው ልክ ነው፣ ወንድሜ። ጨዋታው ራሱ እኮ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሦስት ትንንሽ ጥራዝ ብቻ ነበር።

እኛ ደሴ ላይ የደረሰን ፎቶ ኮፒ ነው፤ ያውም የኮፒ ኮፒ። የድሮዎቹ የዋሻ ካርታዎች በፈዛዛ ሰማያዊ ይታተሙ ስለነበር ኮፒው ላይ ግማሹ ዋሻ የለም። የጠፋውን በእስክሪብቶ ከራሳችን ሞላነው። ላሊበላ ያለውን ጨለማ መተላለፊያ ግድግዳ እየዳበሰ ያለፈ ልጅ ለዚህ አይቸገርም።

ጨዋታው የሚጠይቀው ሃያ ጎን ያለው ዳይስስ ከየት ይምጣ? ቆርኪ ላይ ከ1 እስከ 20 ጽፈን ካልሲ ውስጥ ከተትን። እጅህን ሰደድ አድርገህ ዕጣህን ታወጣለህ። ለካ የትልቋ ዕጣ፣ የ20 ቁጥሯ ቆርኪ ጠርዝ ተጣሞ ኖሯል፤ አንዱ ጓደኛችን በጣቱ እየለየ ሲያወጣት የነቃነው ከስንት ወር በኋላ ነው። ያ ሁሉ ዘንዶ በማጭበርበር ነው የሞተው!

የአሁኖቹን በጅምላ ማጣጣልህ ግን አልተዋጠልኝም። የድሮዎቹም ጉድ ነበራቸው። በር ስለከፈትክ ብቻ የምትሞትበት ወጥመድ ምኑ ይናፍቃል?

ካልሲው የታላቅ ወንድሜ ነበር። እስካሁን ይጠይቀኛል።