ሚኒሶታ ያልበገረውን የአዲስ አበባ ታኅሣሥ ሲያንዘፈዝፈው

ጥር ላይ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወርዳ በቲሸርት ቡና ሲጠጣ የከረመ ሰው፣ ለገና አዲስ አበባ ገብቶ በ8 ዲግሪ ሌሊት ጥርሱ ይንገጫገጫል። ዘመድ «ይሄ ነው በረዶ የለመደው?» ብሎ ይስቃል። ሰውየው ግን በረዶ አልለመደም። የለመደው እስከ 20 ዲግሪ የሞቀ ቤት፣ መኪናና ቢሮ ነው፤ ብርዱን የሚያገኘው ከበር እስከ መኪናው ድረስ ብቻ።

የሚኒሶታ ቤት ግድግዳው ውስጥ ሙቀት የሚይዝ የመስታወት ጥጥ አለው፤ መስኮቱም ድርብ ነው። አገር ቤት ብሎኬት፣ ነጠላ መስታወትና ቆርቆሮ ነው። ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቤቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይለቀዋል፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሳሎኑ ከግቢው ብዙም አይሻልም። ሐምሌ ላይ ደመናው ሙቀቱን ስለሚያስቀር ሌሊቱ ይሻላል፤ ያኔ የሚያስመርረው እርጥበቱ ነው። ከውጭ የመጣው ባለ ዳክዬ ላባ ጃኬት ዝናብ ከነካው ላባው ይጓጉላል፣ ማሞቁን ይተዋል፣ ቶሎም አይደርቅም። አራት ድርብ የሆነው ጋቢ በየድርቡ መሃል አየር ስለሚይዝ ለቤት ውስጥ ይበልጠዋል።

ለቤተሰብ ማሞቂያ ከመግዛት በፊት ኮርኒስ ማሠራት ይቀድማል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የሚቀረው አየር ራሱ መከላከያ ነው። ቀጥሎ የበሩን ሥር መድፈን፣ ሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ። ማሞቂያ የግድ ከሆነ 2,000 ዋቱ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል፤ በቀጭን ኤክስቴንሽን ከተሰካ ገመዱ ግሎ ይቀልጣል። በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ፤ እንጀራ ምጣዱ ሲበራም ይጥፋ።

ከባዱ ነገር ከሰል ነው። «ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም» የሚለው አባባል ሰው ይገድላል። አመድ የለበሰው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር የተኛው ሰው አይነቃም። መኝታ ቤት ማንደጃ ማስገባት ጨርሶ ይቅር። ውጭ አገር ቤቶች ውስጥ የሚሰቀለውን፣ ይህ ጋዝ ሲኖር የሚጮህ ጠቋሚ መሣሪያ፣ ከሽቶና ከቸኮሌቱ መሃል አንድ ሻንጣ ውስጥ መክተት አያቅትም። ሲገዛ ግን በባትሪ የሚሠራው ይሁን፤ ከሰሉ ወደ ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ መብራት ሲጠፋ ነው።