ጋቢውን ግለጡ

የጅማ ሰው! በሽተኛ ቤታችሁ አስተኝታችሁ በድርጅት በኩል ነርስ የቀጠራችሁ ሁሉ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ማስታመም የሚመዘንበትን ቦታ ስታችሁታል። ሲስተሯ ከባጃጅ ወርዳ፣ ነጭ ጋውኗን ደርባ፣ ግሉኮስ ሰቅላ፣ መርፌ ወግታ ስትወጣ «እጇ አይሰማም፣ ጎበዝ ናት» ትላላችሁ። ጋቢውን ገልጣ፣ በሽተኛውን በጎኑ አዙራ፣ ወገቡንና ተረከዙን ስታይ ግማሽ ሰዓት የቆየችውን ግን «ምንም ሳትሠራ ሄደች» ብላችሁ በክፍያ ትነታረኳታላችሁ። ድርጅቶቹም ሞኝ አይደሉም፤ የምትከፍሉበትን ያቀርቡላችኋል። ግሉኮስ ካስደሰታችሁ ግሉኮስ ነው የሚሰቅሉት።

እስቲ ግሉኮሱን በሂሳብ እንየው። ባለ 5 ፐርሰንቱ አንድ ሊትር ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው፤ አሥር አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ፕሮቲን የለው፣ ቅባት የለው። 20 ሚሊ ሊትር የምትይዘው ባለ 40 ፐርሰንቷ አምፑል ደግሞ 8 ግራም ስኳር ናት፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚያጣፍጥ ያህል። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰች ግን ሥጋ ታቃጥላለች። መዋጥ የሚችል ሰው ይህን ከሻዩ ያገኘዋል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመው ደግሞ ያ ሊትር ሳንባው ላይ ውሃ ሆኖ ሌሊቱን ትንፋሽ ሲያሳጥረው ሊያድር ይችላል። ግሉኮስ በእውነት የሚያስፈልገው በሽተኛ አለ፤ ማስፈለጉን የሚወስነው ግን ሐኪም እንጂ ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት አይደለም።

መርፌውም እንዲሁ ነው። ሴፍትሪያክሶንም ሆነ ሌላ አንቲባዮቲክ ቤት መጥቶ የሚወጋ ባለሙያ ቦርሳው ውስጥ አድሬናሊን ከሌለ አታስወጉ። ሰውነት መድኃኒቱን ካልተቀበለው ፊት ያብጣል፣ ትንፋሽ ይታፈናል፣ ግፊት ይወርዳል። ያኔ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊ ግራም አድሬናሊን በጭን ጡንቻ ለመስጠት ያለው ጊዜ የደቂቃዎች ነው፤ ባጃጅ ተፈልጎ ሆስፒታል እስኪደረስ አይጠብቅም። ወግቶ ወዲያው የሚወጣውንም ቡና አቅርባችሁም ቢሆን ግማሽ ሰዓት አቆዩት።

አሁን ወደ ጀርባው እንምጣ። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን የያዘው አባወራ፣ ዳሌዋ የተሰበረ እናት፣ አከርካሪው የተጎዳ ወጣት፣ ብዙ ጊዜ የሚጎዳቸው የመጀመሪያው ሕመም ብቻ አይደለም፤ ተኝተው የሚያገኛቸው ነው። በአጥንትና በፍራሽ መካከል የተጨመቀ ሥጋ ደም አይደርሰውም፤ ሰዓታት ሲያልፉ ይሞታል። የሚሞተው ብዙ ጊዜ ከውስጥ፣ ከአጥንቱ ጀምሮ ስለሆነ ላይ ላዩን ሳንቲም የምታክል ቀዳዳ ስትታይ፣ ውስጡ የቡና ስኒ የሚያስገባ ዋሻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ከወገብ በታች ያለው የጅራት አጥንት፣ ሁለቱ ተረከዞች፣ የዳሌ ጎን፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ የትከሻ አጥንት፣ የጭንቅላት ጀርባ፣ በጎኑ ለሚተኛ ደግሞ ጆሮ። ትምህርቱ «ቆዳው ይቀላል፣ ሲጫኑትም ቅላቱ አይጠፋም» ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላት ጠብቃችሁ አታገኙትም። ከአካባቢው ይልቅ የጠቆረ፣ በእጃችሁ ጀርባ ስትነኩት የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ ስትጫኑት የጠጠረ ወይም እንደ እርሾ ሊጥ የላላ ቦታ ካገኛችሁ ቁስሉ ተጀምሯል ማለት ነው። በዚያ ጎን ዳግመኛ አይተኛ፤ አትሹትም። ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይቀደዋል።

መፍትሔው ማገላበጥ ነው፤ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በግራ፣ 2 ሰዓት በጀርባ፣ 4 ሰዓት በቀኝ፣ እንዲህ እያለ ቀንና ሌሊት 12 ጊዜ። ሲዞር ሙሉ በሙሉ በዳሌው ላይ አይውደቅ። ጀርባው ትራስ ተደግፎ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ይበል፤ እጃችሁን ከመቀመጫው ሥር አስገብታችሁ የጅራት አጥንቱ ፍራሹን አለመንካቱን አረጋግጡ። ሁለተኛ ትራስ በጉልበቶቹ መካከል ይገባል። ሦስተኛው በጀርባው ሲተኛ ከባቱ ሥር ይደረጋል፤ ተረከዙ አየር ላይ ይንጠልጠል። ተረከዝ ሥር ውሃ የተሞላ ጓንት ወይም የተጠቀለለ የጨርቅ ቀለበት ማድረግ ልማድ ሆኗል፤ ዙሪያውን ጨምቆ ደም ይከለክላልና ተዉት።

ስታነሱት በብብቱ ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ቆዳው ከአንሶላው ጋር ተጣብቆ ይላጣል። ሌላ አንሶላ ለሁለት አጥፋችሁ ከትከሻው እስከ ጭኑ ዘርጉለት፣ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ጠርዙን ጠቅልሎ ይያዝ፣ በአንድ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱት። ሽባ የሆነውን እጁን ይዞ መሳብ ደግሞ ትከሻውን ከቦታው ያወጣዋል፤ ኋላ «እጁን ያመዋል» ብላችሁ ለዳይክሎፌናክ ትሮጣላችሁ። የአየር ፍራሽ የገዛችሁም «እኛ አያስፈልገንም» አትበሉ። ፍራሹ ግፊቱን ይቀንሳል እንጂ ማገላበጡን አይተካም፤ መብራት ሲጠፋማ ተራ ላስቲክ ነው።

እንግዲህ ቁጠሩ። ነርሷ በቀን አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ትመጣለች። ከ12ቱ ማገላበጥ አንዱን ትሠራለች። ቀሪው ሃያ ሦስት ሰዓት ተኩል የማን ነው? በብዙዎቻችሁ ቤት የሠራተኛዋ ነው። ልብስ ስታጥብ የዋለች፣ እንጀራ የጋገረች ልጅ ሌሊት በ6፣ በ8፣ በ10 ሰዓት ብቻዋን ተነሥታ ሰባ ኪሎ ሰው እንድታገላብጥ ትጠብቃላችሁ፤ ማንም ሳያሳያት፣ ደመወዝ ሳይጨመርላት። ጠዋት ጀርባው ሲቆስል ደግሞ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ነውር ነው! የሌሊቱን ፈረቃ ወንዶቹም ሴቶቹም የቤቱ ልጆች ተካፈሉት፤ ሰዓቱንና ጎኑን በወረቀት ጽፋችሁ ከአልጋው ራስጌ ለጥፉ፤ የሠራ ሰው ስሙን ይጻፍ። (አዛኑን የሰዓት ማስታወሻ ያደረጋችሁ ቤቶች አላችሁ፤ ደግ ነው፤ ግን አምስት ሶላት ለ12 ማገላበጥ አይደርስም፤ የስልካችሁን ማንቂያ ደወል ሙሉት።) ከድርጅቱ ጋር ስትዋዋሉም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጉብኝቶች አስታማሚዎቹን ለማሠልጠን ይሁኑ ብላችሁ ጠይቁ። ከግሉኮሱ ገንዘብ ይልቅ ይህ ይጠቅማችኋል።

የጅማ ዝናብ ሌላ ጣጣ አለው። ክረምት ልብስ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ አራት አንሶላ የሌለው ቤት በሽተኛውን እርጥብ ላይ ማስተኛቱ አይቀርም። ሽንት የነካው ቆዳ ለቁስል ፈጣን ነው። ዳይፐር በርጥበቱ እንጂ በሰዓት አይቀየርም፤ ሰገራ ካለ ግን ወዲያው። ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ፣ ሳትፈትጉ አድርቃችሁ፣ ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ፍራሹን ለማዳን ብላችሁ ላስቲክ በቀጥታ ከሥሩ አታንጥፉ፤ ያልበዋል።

ከቆሰለ በኋላ ደግሞ የቡና ዱቄት የምትነሰንሱ አላችሁ። ቡናችን ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ዱቄቱ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፣ መግል ከሥሩ ይሸሸጋል፣ ነርሷም ጥልቀቱን ማየት አትችልም። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም አዲስ የሚያድገውን ሥጋ ይገድሉታል። ከፋርማሲ የሚገዛ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ)፣ እሱ ከሌለ ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ቁስሉን ስታሽግ ርዝመቱንና ስፋቱን በሴንቲ ሜትር ለክታ የማትጽፍ ነርስ፣ ቁስሉ እየዳነ ይሁን እየባሰ እሷም አታውቅም።

ስለ ጉርሻም እንናገር። ስትሮክ የመታው ሰው ጉሮሮው ሊደክም ይችላል፤ የዋጠው የመሰላችሁ ወደ ሳንባው ይወርዳል። ጠያቂ ይመጣል፣ አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ «በሞቴ አንዲት ብቻ» ብሎ የተኛን ሰው ያጎርሳል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ትኩሳትና ሳል ሲመጣ «ብርድ መታው» ይባላል። ብርድ አይደለም፤ ጉርሻው ነው። መዋጡ ሳይፈተን በአፉ ምንም አይግባ። ፈተናውን የሚያደርገው ባለሙያ ነው፦ ቀጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ በሻይ ማንኪያ ውሃ ይሰጠዋል፣ «አ» ያስብለዋል። ቢያስለው ወይም ድምፁ ውሃ ያለበት ይመስል ቢንገረገር አልቻለም። በአፍንጫ የምግብ ቱቦ የገባለት ከሆነም አፍንጫው ጫፍ ላይ ያለው ምልክት ከቦታው አለመንቀሳቀሱን ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት እዩ። አየር ነፍቶ በማዳመጥ ብቻ ቱቦው ሆድ ውስጥ ነው የሚል ነርስ አያስተማምንም፤ በስሪንጅ ጥቂት ፈሳሽ ስቦ አሲድነቱን በወረቀት መለካት አለበት፣ 5.5 ወይም ከዚያ በታች። ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይበል፣ ከበላ በኋላም አንድ ሰዓት አይውረድ። አጥሚቱን አጥልሉት፤ ጓጓላው ቱቦውን ይደፍናል። ከምግቡ በፊትና በኋላ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ ይለፍበት።

የሽንት ቱቦ ያለው ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ይበል፣ ወለል ግን አይንካ። ሽንት ከቆመ ከሁሉ በፊት ቱቦው መታጠፉን እዩ። በየቀኑ መግቢያውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ ከረጢቱን በጓንት የያዘች እጅ በዚያው ጓንት የምግቡን ቱቦ እንዳትነካ ደግሞ ዐይናችሁን አትንቀሉ።

ደብተሩን አንብቡ። ድርጅቱ የሚተወው መዝገብ በየቀኑ ግፊት 120/80፣ ሙቀት 36.5፣ ትንፋሽ 20 የሚል ከሆነ መለኪያው ከቦርሳ አልወጣም ማለት ነው፤ የማንም ሰው ግፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ቁጥር አይጣበቅም። ግፊት በጋቢ ወይም በሹራብ ላይ አይለካም፤ ክንዱ ተራቁቶ በልቡ ትክክል ይቀመጥ፣ በሽተኛው አምስት ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣ። በጅማ ቤት ይህ ከባድ ትእዛዝ መሆኑን እናውቃለን፤ ጀበናው ከልኬቱ በኋላ ይጣድ። ኢንሱሊን የሚወስድ ካለም ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት መጠኑን ሐኪሙ ያስተካክል። ነርሷ በራሷ መቀነስ አትችልም፤ እናንተም ዝም ብላችሁ አታስጹሙት።

ፈቃድ ጠይቁ፤ የድርጅቱን ብቻ ሳይሆን በራችሁን የሚያንኳኳውን ሰው የሙያ ፈቃድ፣ የታደሰበትንም ቀን። ስትቀር ማን እንደሚተካት፣ ሌሊት ቢብስበት የምትደውሉለት ማን እንደሆነ፣ የሚቆጣጠራት ሐኪም ማን እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ። ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ የሚታወቅበት ዩኒቨርሲቲ ባለባት ከተማ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ከዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከልም ሆነ ከሸነን ጊቤ ሆስፒታል በሽተኛው ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀት ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አትቅበሩት፤ ነርሷ ሥራዋን የምትጀምረው እሱን አንብባ ነው።

የተወጋበትን መርፌ በሃይላንድ ጠርሙስ ከታችሁ ቆሻሻ ላይ፣ አንዳንዶቻችሁም አዌቱ ወንዝ ዳር ትጥላላችሁ። ሃይላንድ ይበሳል፤ መጀመሪያ የሚወጋው ቁራሌው ነው። ግድግዳው ወፍራም የሆነ የበረኪና ዕቃ ተጠቀሙ፣ ክዳኑን ወደ መርፌው መልሳችሁ አትግጠሙ፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ድርጅቱ ወስዶ ያስወግደው፤ ይህም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ሙቀቱ 38 ከደረሰ፣ በደቂቃ 25 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ድንገት መቀባዠር ወይም መፍዘዝ ከጀመረ፣ ቁስሉ ከሸተተ ወይም አጥንት ከታየ፣ ነርሷ ነገ እስክትመጣ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ነው። ደብተሩንና የመድኃኒቶቹን ካርቶኖች በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ያዙ፤ ድንገተኛ ክፍል የሚቀበላችሁ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።