ያለ ሚዛን መዛኝ፣ ያለ ቅጽ ቆጣሪ

ሳይመሰገኑ የሚቀሩ ባለሙያዎች አሉ። ደመወዝ የላቸውም፣ ቢሮ የላቸውም፣ የዓመት ፈቃድ አይወጡም። ውሃ በፈረቃ፣ መብራት እንደ ፈቃዱ በሚመጣበት ሰፈር እነሱ ብቻ ሳይቆራረጡ ያገለግላሉ። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ከከተማዋ ዳር ካሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በአንዱ ብሎክ ሥር ቁሙ፤ ከደረጃው አፍ ወይ ከአንደኛ ፎቅ በረንዳ ድምፃቸው ይደርሳችኋል። ሥራቸው ሁለት ነው፤ ኪሎ መመዘንና ብሔር መቁጠር። ሁለቱንም ሳይጠየቁ፣ ሁለቱንም በነፃ።

ከኪሎው እንጀምር። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ከሆነ አሠራሩ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጫማ ማውለቅ አለ፣ ሚዛን ላይ መውጣት አለ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቁመት መለካት አለ። ከዚያ ኪሎው፣ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚወጣው ቁጥር ይካፈላል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሴት 64 ኪሎ ስትመዝን 25 ይመጣል። ከ18.5 ጀምሮ 25 እስኪደርስ ደህና ነው፣ 25 ሲሞላ ከልክ አለፈ ይባላል፣ 30 ሲሞላ ደግሞ ሌላ ስም አለው። ይህ ሁሉ ጣጣ ካለቀ በኋላ ነርሷ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ትጽፍና ዝም ትላለች። ዝም! የኛ ብሎክ እትዬ ግን ምስር እየለቀሙ፣ አንቺ ገና ከባጃጅ አንድ እግርሽን ስታወርጂ፣ ከበረንዳቸው ሳይነሱ “ውይ! ወፈርሽሳ!” ብለው ይጨርሳሉ። ማባዛት የለ፣ ማካፈል የለ። ውጤቱም ካርድ ውስጥ ተደብቆ አይቀርም፤ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ሳይቀር ይሰማዋል።

ቀረብ ሲሉ ደግሞ ጥበቡ ይበልጥ ይጠራል። ሰላምታው ጉንጭ ለጉንጭ ነው። በመጀመሪያው መሳሳም ቀኝ እጃቸው ትከሻ ላይ ያርፋል። በሁለተኛው ወደ ጀርባ ይወርዳል። በሦስተኛው ጎን ላይ ደርሶ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ሥጋ ያገኛል፤ ጫን፣ ለቀቅ። በግ ተራ የሄደ ሰው ሽንጥ የሚዳስሰው በዚሁ ስልት ነው፤ ልዩነቱ፣ በግ የዳሰሰ ሰው ቢያንስ ዋጋ ይጠይቃል። አስተያየቱ የሚጣልበት ሰዓትም የተለካ ነው፤ “ልጆች ደህና?” ከተባለ በኋላ፣ ሁለተኛው “እግዚአብሔር ይመስገን” ከአፍ ሳይወጣ። ቀድሞ ከመጣ ነገር ፍለጋ ይመስላል፣ ከዘገየ ደንበኛዋ ደረጃውን ይዛ ታመልጣለች።

የቃል ምርጫውም እንደ ልምዱ ነው። “ወፈርሽ” ለጀማሪ ነው። ትንሽ የቆዩበት “ተመቸሽ መሰለኝ” ይላሉ። የበሰሉት “አሁን ገና ሰው መሰልሽ” ብለው ያለፈውንም የአሁኑንም ኪሎ አብረው ይዘጋሉ። አራተኛ ፎቅ ለሚኖር የተለየ አለ፤ የኛ ባለ አራት ፎቅ ብሎክ አሳንሰር የለውምና “በዚህ ሁሉ ደረጃ ወጥተሽ ወርደሽ እንዲህ ከሆንሽ፣ ምድር ቤት ብትኖሪማ!” ይባላል። ለከሳችው ደግሞ “ምነው ከሳሽ? ጠቆርሽም። ደህና ነሽ ግን?” ነው። ያቺን “ግን” ልብ በሏት። ሁለት ፊደል ናት፤ ውስጧ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ ፍቺና “ያ በሽታ” ተጣጥፈው ገብተዋል። በዚህ ሙያ ፊት ትክክለኛ ኪሎ የሚባል ነገር የለም። ያልጨመረች ያልቀነሰች ብትገኝ “አንቺ ደግሞ ሁሌ ያው ነሽ፣ ምግብ አይስማማሽም?” ትባላለች፤ ባዶ እጁን የሚሸኝ ደንበኛ የለም።

ለምን እንደጨመረች መጠየቅ ከሙያው ውጭ ነው። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ለወራት የሚወስድ ሰው ፊቱ እንደ ድፎ ይከባል። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሥራው ሲቀዘቅዝ ብዙ ሳይበሉም ኪሎ ይጨምራል። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያ መርፌ አንዳንዷን ያወፍራል። ያልታከመ ስኳር በተቃራኒው እየበሉ ያከሳል። ሐኪሙ ስለ ጨጓራ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ከምግብ በኋላ ስለመውሰድ ያስጠነቅቃል፤ ስለ አንደኛ ፎቅ በረንዳ የሚያስጠነቅቅ ሐኪም ግን የለም። ጉዳቱ እዚያ ነው ያለው። “ፊትሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያበጠው?” ተብላ የተሸማቀቀች ሴት ፕሬድኒሶሎኑን በአንድ ቀን ልትጥለው ትችላለች። ይህ መድኃኒት ደግሞ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እንጂ በአንዴ አይቆምም፤ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት አቁሟልና ግፊት ወርዶ ራስ እስከ መሳት፣ ከዚያም ለሚከፋ ያደርሳል። እንዲህ ያለው ዝርዝር የሐኪም ጉዳይ ነው፤ የበረንዳው ድርሻ ምዘናው ብቻ ነው።

ድሮ “ወፈርክ” ማለት ምርቃት ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ክፉ ቀን ያየ ሰው የወዳጁ ጉንጭ ሲሞላ ደስ ይለዋል። ምርቃት ግን ጎን ሲቆነጥጥ አልታየም።

አገልግሎቱ ከብሎክ ወጥቶ መንገድ ላይም አለ። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራተኛ የሚያስገባው የሚኒባስ ረዳት “እናት፣ እርስዎ የሁለት ሰው ነው የሚከፍሉት” ሲል ታክሲው ሙሉ ይስቃል፤ ትርፍ የጫነው እሱ መሆኑን የሚያስታውስ የለም። የባጃጁ ሾፌር “ሚዛን እንድንጠብቅ አንቺ መሀል ግቢ” ይላል። ልጆችም ከታላላቆቻቸው ተምረው ቅጽል ስሙን ከሰፈሩ መንገድ ያነሱታል፤ ውሃ የሚያመጣው “ቦቴ”፣ አሸዋ የሚያመላልሰው “ሲኖ”፣ ቀጭኗ “አንቴና”።

ወደ ሁለተኛው አገልግሎት እንለፍ። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ነው፤ ቀጣዩ ተቀጠረ፣ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ። የኛ ሰፈር ቆጣሪዎች ግን አንድም ቀን አላራዘሙም። ሸክሙ ደግሞ በዝቶባቸዋል። በድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበረ፤ ፋይዳ የአሥሩን ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ወስዶ፣ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ሰጥቶ፣ ስለ ብሔር ትንፍሽ ሳይል ይሸኛል። ይህን የሚያህል ክፍተት ጎረቤት ካልሞላው ማን ይሙላው?

ኮንዶሚኒየም ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ቤቱ በዕጣ ነው የደረሰው፤ ማን ከማን ጋር ግድግዳ እንደሚጋራ ዕጣው አልተጨነቀበትም። ስለዚህ አዲስ ገቢ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል። በአቦል ስም ይጠየቃል። ስሙ ካላናገረ የአባት ስም፤ አባትም ዳዊት ወይ አህመድ ከሆኑ አይረዳም፣ ሁሉም ጋ አሉና፤ ስለዚህ አያት ይቆፈራሉ። ቶና ላይ ቦታ ይመጣል። “ሀገርሽ የት ነው?” “እዚሁ አዲስ አበባ።” “እሱማ ነው፤ ውልደትሽ?” “ጋንዲ።” “አይ፣ ቤተሰቦችሽን ማለቴ ነው።” “እነሱም እዚሁ።” “የእነሱስ ቤተሰቦች?” በዚህ ፍጥነት በረካው ሳይቀዳ አዳም ጋ ይደረሳል። እምቢ ያለች እንደሆነ የመጨረሻው ወጥመድ አለ፤ በተጠረጠረው ቋንቋ ድንገት ሰላምታ ይጣልና ፊቷ ላይ የሚመጣው ይነበባል።

ውጤቱ ሲታወቅ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት አንዲት ቃል ናት፤ “አትመስይም!” የምትሰጠው እንደ ሽልማት ነው፣ ተሸላሚዋም ፈገግ እንድትል ይጠበቃል። ምን እንደማትመስል አይብራራም። ያንን ለመረዳት ስለ ወገኖቿ ሲወራ የሰማችውን ክፉ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ማስታወስ አለባት፤ እሱ የቤት ሥራዋ ነው።

የሙያው ልዩ ቃል ደግሞ “እንትን” ነው። “እሷ እኮ እንትን ናት” ሲባል ድምፅ ዝቅ ይላል፣ አገጭ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይቀናል። ብሔሩ በስሙ ቢጠራ ወሬ ነው፤ “እንትን” ሲባል የሚተላለፍ በሽታ ይመስላል። ይህ ቃል ደላላ ጋ ሲደርስ ገንዘብ ይሆናል። ተከራይዋ ምን ሥራ እንዳላት ከመጠየቁ በፊት “የምን ሰው ናት?” ይመጣል፤ ጠዋት ባዶ የነበረው ስቱዲዮ ከሰዓት “ተይዟል”።

እክል የሚያጋጥመው እናትና አባት ከሁለት ወገን ሲሆኑ ነው። ቆጣሪዋ ያላት ሳጥን አንድ ብቻ ነውና ትቸገራለች። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። “በአባት ነው የሚቆጠረው” ይባላል፤ እናትየው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ቡና እየቀዳች። ስኒው ትንሽ ይፈሳል፣ ረከቦቱ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

የሙያው ጫፍ ሁለቱ አገልግሎቶች በአንድ አፍ ሲገናኙ ነው። “የእናንተ ሴቶች እኮ ቀጫጭን ናቸው፤ አንቺ ከማን ወጣሽ?” ወይም “የእናንተ ሰው ቅቤ ላይ አይቀልድም፣ እሱ ነው እንዲህ ያደረገሽ።” በአንድ ትንፋሽ ኪሎዋ ተመዘነ፣ ዘሯ ተቆጠረ፣ የእናቷ ማጀት ተፈተሸ። “አንቺ” ተብላ ደረጃ የገባች አንዲት ሴት “እናንተ” ተብላ ሕዝብ ሆና ትወጣለች። ኪሎው ብቻውን ቢሆን ይቀነሳል ብላ ትጽናና ነበር፤ ከዘር ጋር ከተሰፋ ሩጫም ጾምም አይፈታውም። ብሔሩ ብቻውን ቢሆን ዝም ብላ ታልፍ ነበር፤ ወገቧ ላይ ከታሰረ መስታወት ባየች ቁጥር ይጠብቃታል።

ውጤቱን ማየት ለሚፈልግ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አለች እንበል። በሚያዝያ ፀሐይ ሹራቧን አታወልቅም። ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ይመለሳል፤ እናቷ ማታ ስትከፍተው እንጀራው ጠርዙ ደርቆ፣ ወጡ ረግቶ ታገኘዋለች። ትምህርት ቤት ስሟን ስትጠየቅ የራሷን ተናግራ የአባቷን ታጉረመርማለች። ሱቅ ስትላክ በሩን ገርበብ አድርጋ ከታች የሚመጣውን ድምፅ ታዳምጣለች፤ የሙቀጫው ድምፅ ካለ ቡና አልቀረበም፣ የስኒ ድምፅ ካለ ተሰብስበዋል። ሲወጡ ትወርዳለች። ዳቦው ግን ያን ጊዜ አልቋል።

ቅሬታ ያላት በሦስት እርከን ትስተናገዳለች። መጀመሪያ “ቀልዴን እኮ ነው።” ካልበረደላት “ስለምወድሽ ነው የምነግርሽ፤ ባዳ ይንገርሽ?” አሁንም ካኮረፈች “ድሮም እናንተ ቂመኛ ናችሁ” ተብላ ከምዘና ክፍል ወደ ቆጠራ ክፍል ትዛወራለች። በዓይነት መመለስ አይፈቀድም፤ “እርስዎም አርጅተዋል” ያለች ልጅ አሳዳጊ የበደላት ናት።

ሕግም ቢሆን አይደርስባቸውም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን፣ አካል ጉዳትን ይጠቅሳል፤ ኪሎን አላነሳም። በብሔሩም ቢሆን የሚፈልገው ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር ነው። “አትመስይም” ብሎ ጉንጭ የሳመን ሰው የትኛው ዐቃቤ ሕግ ይከሰዋል? ከአዋጁ በታች፣ ከጨዋነት በላይ ያለችው ያቺ የደረጃ ማረፊያ የእነሱ ግዛት ናት።

ሙያው ያልገባቸው መኖራቸው ግን አይካድም። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ፣ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ እንበል። ጠጠር ካለ ስለሚያሳስት መሬቱን በመዳፉ ይጠርጋል። መርፌው ዜሮ ላይ ካልሆነ በጎን ያለችውን ጥርስ አዙሮ ያስተካክላል። አንዲት ሴት ቦርሳዋን አስይዛው ትወጣለች። መርፌው ይርገበገባል፣ ይቆማል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ያነብና ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ “68” ይላታል። ሒሳቡን ይቀበላል፣ ቦርሳዋን ያቀብላታል። ወፈርሽ አላላት፣ ከሳሽ አላላት፣ አባትሽ ማን ይባላሉ አላላት።

መሣሪያው በእጁ እያለ! አንደኛ ፎቅ ቢልኩት በሁለት ስኒ ቡና ያሠለጥኑት ነበር።