ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለሌባው ነው

ሰሞኑን እዚሁ ደሴ ለአነስተኛ ነጋዴዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ የተናገሩት እስካሁን ያንገበግበኛል። «ድረ ገጻችሁ ሃክ ተደርጎ ጎግል ምልክት ከለጠፈባችሁ ጥፋቱ የእናንተው ነው፤ ኢሜይላችሁን ብታነቡ ቀድማችሁ ታውቁ ነበር» አሉ። አዳራሹም በጭብጨባ ቀለጠ።

የትኛውን ኢሜይል? ጎግል በዋናነት የሚጽፈው ሰርች ኮንሶል ላይ፣ ማለትም ባለ ድረ ገጾች ገጻቸው በጎግል ፍለጋ እንዴት እንደሚታይ በሚከታተሉበት የጎግል አገልግሎት ላይ፣ በባለቤትነት ለተመዘገበ ሰው ነው። ላሊበላ ላይ አራት ክፍል የምታከራይ ሴት ድረ ገጿን ኮምፒውተር ለሚችል የሰፈር ልጅ ከፍላ አሠራች እንጂ፣ ሰርች ኮንሶል የሚባለውን ስሙንም አልሰማች። የባሰው ደግሞ ይሄ ነው፦ የሰውን ገጽ በጃፓንኛ የሐሰት ዕቃ ማስታወቂያ የሚያጥለቀልቁት ጠላፊዎች እዚያው ሰርች ኮንሶል ላይ ራሳቸውን ባለቤት አድርገው ያስመዘግባሉ። ይህን የሚለው የጎግል የራሱ መመሪያ ነው። ታዲያ ደብዳቤው ማን እጅ ገባ? በሩን ሰብሮ የገባው እጅ!

«ገጿን ከፍታ አታይም?» ትሉኝ ይሆናል። ብታይስ? ጠላፊው ቆሻሻውን የሚገልጠው ለጎግል ቃኚ፣ ድረ ገጾችን እየዞረ ለሚያነበው ፕሮግራም ነው፤ ለእሷ ያው የክፍሎቹ ፎቶ፣ ያው ስልክ ቁጥር ነው የሚታያት። ባለፈው ወር የአንድ ማረፊያ ስም በስልኬ ስፈልግ ከስሙ ሥር የጃፓን ፊደልና የጫማ ዋጋ ተደርድሮ አየሁ። ደውዬ ብነግራቸው «ኧረ የእኛ ደኅና ነው፣ አሁን ከፍተን እያየነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ «ይህ ድረ ገጽ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል» የሚለው የጎግል ምልክት ግን ፍለጋው ላይ ለእንግዳው ሁሉ ይነበባል። ቫይረስ የሚያራግፍ ገጽ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይውጣ፤ እሱን አልከራከርም። ጠርጋ አጽድታ «ይታይልኝ» ብላ ላመለከተችውስ? በእንዲህ ዓይነቱ ማስታወቂያ ለተበከለ ገጽ ምርመራው ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ማመልከቻዋ በታኅሣሥ ከሆነ ገና መጥቶ ይሄዳል፤ ተሳላሚው ሌላ ቤት አድሮ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2009 ጎግል ውስጥ አንድ ሰው በስህተት በየድረ ገጹ አድራሻ ያለችውን እዝባር (/) የአደገኛ ገጾች መዝገብ ላይ አስገብቶ የዓለም ድረ ገጽ በሙሉ «ኮምፒውተርዎን ሊጎዳ ይችላል» ተብሎ ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ታረመ። የራስ ጥፋት ሲሆን እንዴት ይፈጥናል!

አሠልጣኙ ለሚቀጥለው ሥልጠና ያንን ኢሜይል አትመው ይምጡልን። ለማን እንደተላከ አብረን እናንብበው።