ክርክር፦ “ተፈቅዷል” የሚለው ቃል ለማን ይሠራል?

በዋሽንግተን ዲሲ 21 ዓመት የሞላው ሰው እስከ ሁለት አውንስ ማሪዋና ቢይዝ በከተማው ሕግ አይጠየቅም። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ድምፅ ሰጥቶበት፣ በፌብሩዋሪ 2015 ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ፈቃድ እንደ መብታቸው ቆጥረው በፖሊስ ፊት ሊቆሙበት ይገባል ወይስ ሊርቁት? የተከራከሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ አንድ የረጅም ዘመን የታክሲ ሾፌርና በኢሚግሬሽን ጉዳዮች የምትሠራ አንዲት አስተርጓሚ።

ሾፌሩ፦ እኔ አላጨስም፤ ማንንም አጭስ አልልም። የምከራከረው ለቅጠሉ ሳይሆን መንገድ ዳር ተገትሮ ለሚፈተሸው ልጅ ነው። የአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ በዲሲ ጥቁር ሰው ማሪዋና ይዘሃል ተብሎ የመታሰሩ ዕድል ከነጩ ስምንት እጥፍ ነበር። በአገር ደረጃ ግን የሁለቱም ተጠቃሚነት ተቀራራቢ ነው። በዚያ ዘመን ፖሊስ መስኮትህ ላይ ጎንበስ ብሎ “ይሸተኛል” ካለ ነገሩ አለቀ፤ መኪናህ ይበረበራል። ሽታ እንደ ቢላዋ ወይም እንደ ሰነድ ዳኛ ፊት አይቀርብም። ሸተተኝ ያለን ሰው አልሸተተህም ብሎ የሚረታው ማን ነው?

አሁን ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ፣ ሜሪላንድም ከጁላይ 2023 ጀምሮ ሽታ ብቻውን ለፍተሻ ምክንያት እንዳይሆን በሕግ ከልክለዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጆቻችን ከዚህ ሕግ ተጠቃሚ ሆነው ሳለ እኛው ራሳችን “ዝም በሉ፣ እሺ በሉ” እያልን ያገኙትን መልሰን ልንነጥቃቸው አይገባም።

አስተርጓሚዋ፦ ወንድሜ የተናገሩት ስለ ከተማና ስለ ስቴት ፖሊስ ነው፤ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላው መንግሥት ነው። ማሪዋና እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች መካከል ተመድቧል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2005 አንድ ስቴት ስለ ፈቀደ የፌዴራሉ ሕግ አይቆምም ብሎ ወስኗል። ግሪን ካርድም ዜግነትም የሚሰጡት በፌዴራል ሕግ ነው። የዜግነት ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በስቴት የተፈቀደ ማሪዋና መያዝም ሆነ በፈቃድ በሚሠራ የማሪዋና ንግድ ተቀጥሮ መሥራት አመልካቹን “መልካም ሥነ ምግባር የለውም” ሊያሰኘው እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። ግብሩን እየከፈለ በሕጋዊ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ የሚሠራ ወጣት ይህን ከየት ይወቀው?

ሒሳቡንም እንየው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዕፅ ጥፋት ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ሕጉ የሚያልፈው ለራሱ መጠቀሚያ፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና የያዘውን ነው። ሁለት አውንስ ከ56 ግራም ይበልጣል። ከተማው “ያዝ” ያለው መጠን የኢሚግሬሽኑ ሕግ ከሚታገሠው እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

ሾፌሩ፦ ያ አንቀጽ እኮ ፍርድ ይፈልጋል። የከተማው ሕግ ጥፋት ያላለውን የከተማው ዳኛ ከየት አምጥቶ ይፈርድበታል?

አስተርጓሚዋ፦ አይፈርድበትም። መንገዱ ሁሉ የከተማው ነው እንዴ? ይህን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በ16ኛው ጎዳና ሲወርዱ ወደ ቀኝ ታጥፈው ሮክ ክሪክ ፓርክ ከገቡ በፌዴራል መሬት ላይ ነዎት። ተሳፋሪ ይዘው ወደ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ሲሄዱም እንዲሁ ነው። እዚያ የሚያስቆምዎት የፓርክ ፖሊስ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘውን ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም ቢያንስ 1,000 ዶላር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም ሊያስፈርድበት ይችላል። ከረጢቱ ያው ነው፤ የተለወጠው መሬቱ ብቻ ነው። መሬቱ መለወጡን የሚናገር አጥር ደግሞ የለም።

ፍርድ የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ሰውየው በአፉ ካመነ፣ ለዜግነትም ሆነ ከአዲስ አበባ ዘመድ ጠይቆ ሲመለስ ያ ቃሉ ሊያሰናክለው ይችላል። አንዲት ልጅ ለቃለ መጠይቅ ቀርባ መኮንኑ “ዕፅ ተጠቅመሽ ታውቂያለሽ?” አላት። “ማሪዋና፤ እሱ ደግሞ እዚህ ተፈቅዷል” አለች፤ ደስ ብሏት፣ ምንም ሳትጠራጠር። ያንን ቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ማመልከቻዋ ውድቅ ሆነ። አስተርጓሚ የተባለውን ከመተርጎም በቀር ሌላ ሥልጣን የለውም፤ ያን ዕለት ግን አፌ ባይከፈት በወደድኩ ነበር።

ሾፌሩ፦ ያሳዝናል፤ የምሬን ነው። ቢሆንም ጥፋቱ የሕጉ ነው፤ የልጅቷም የቃሉም አይደለም። እርስዎ እንደሚሉት ፍርሃትን ካስቀደምን ልጁ መንገድ ላይ ሲቆም “መኪናህን ልፈትሽ?” ሲባል “እሺ ጌታዬ” ይላል። እምቢ ማለት እንደሚችል ማን ነገረው? እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ሳያነሣ “ፍተሻ አልፈቅድም” ቢል መብቱ ነው። ደግሞም ፕሬዚዳንት ባይደን በኦክቶበር 2022 በማሪዋና ይዞታ ብቻ በፌዴራል ሕግና በዲሲ ሕግ ለተከሰሱ ምሕረት ሲያደርጉ ግሪን ካርድ ያላቸውንም ጨምረዋል። ነገሩ ወደ መሻሻል እየሄደ ነው።

አስተርጓሚዋ፦ ምሕረቱ የኢሚግሬሽኑን መዘዝ አላነሣም። የከተማው ሕግ ራሱ ጎዶሎ መሆኑን ደግሞ አይርሱ፦ መያዝ ተፈቅዷል፣ እስከ አንድ አውንስ በነጻ መስጠት ተፈቅዷል፤ ከሕክምናው አሠራር ውጭ መሸጥ ግን ኮንግረስ በበጀት ሕግ ላይ ባስገባው ክልከላ ታግዷል። ሐሳቡን ያመጡት ከሜሪላንድ የተመረጡት አንዲ ሃሪስ ናቸው። እንግዲህ ልጁ “ከየት አገኘኸው?” ቢባል ምን ይመልሳል?

እምቢ ማለትን ያስተምሩ፤ እኔም አብሬዎት አስተምራለሁ። ግን ንግግርዎን “ተፈቅዷል” ብለው አይጀምሩ። አስቀድመው “ዜግነት ወስደሃል?” ብለው ይጠይቁት። አልወሰድኩም ካለ ነገሩን ከእጁም ከስልኩም ያርቅ፤ ተጠቅሞ ከሆነም ጠበቃ ሳያማክር ቃለ መጠይቅ አይግባ። መዋሸትም መፍትሔ አይደለም፤ በመሐላ ላይ የተነገረ ውሸት የባሰ ያስጠይቃል።

ሾፌሩ፦ ጥያቄውን አስቀድማለሁ፤ በዚህ ረትተውኛል። ቃሉን ግን አልተውም። የዲሲ ነዋሪ በኮንግረስ ድምፅ የሚሰጥለት ተወካይ የለውም፤ ሜሪላንድ የምኖረው እኔ ግን ዜጋ ነኝ፣ ተወካይም አለኝ። ስቴት የፈቀደው ነገር ግሪን ካርድ እንዳያሳጣ የኢሚግሬሽኑ ሕግ ይስተካከል ብዬ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በር ቆሜም ፊርማ አሰባስባለሁ። እርስዎ ይፈርማሉ?

አስተርጓሚዋ፦ የመጀመሪያዋ ፈራሚ እኔ ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት ግን አንድ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ይዤ ቃለ መጠይቅ እገባለሁ፤ ደብዳቤዎ እስከዚያ አይደርስለትም።