እሑድ 2፣ ሰኞ 10

ለሀገር የለፋ ሁሉ ሐውልት ይቁምለት ቢባል፣ እኔ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ማርክ ሰጪው ነው። ብሔራዊ ቡድን ውጭ ሀገር ተጫውቶ ይመለሳል። ተጫዋቾቹ ገና ኤርፖርት ሻንጣቸውን እየጠበቁ ነው። እሱ ግን ስማቸውን ደርድሮ፣ ለእያንዳንዳቸው ከ10 ስንት እንደሚገባቸው ወስኖ፣ ሻዩን ፉት እያለ ነው። የቀጠረው የለም። የሚከፍለው የለም። ለወገን አስቦ ነው እንጂ።

እኔ ዱባይ ከእንዲህ ያለ ባለውለታ ጋር አንድ ቢሮ ነው የምሠራው። የሙምባይ ሰው ነው፣ ሒሳብ ክፍል። ስሙን አልጠራም፤ "ባይ" ነው የምለው። እሱም እኔን "ባይ" ይለኛል። በእነሱ ቋንቋ ወንድም ማለት ነው። እዚህ ታክሲ ነጂውም፣ ፀጉር ቆራጩም፣ ሁሉም ባይ ነው። በእኛ ቋንቋ ደግሞ "አውቃለሁ ባይ" የሚባል አለ። ወዳጄ ለሁለቱም ትርጉም ልክ ሆኖ የተሰፋ ነው።

የባይ ስፖርት ክሪኬት ነው። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ አንዱ በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል፣ የቀሩት ሜዳው ላይ ተበታትነው ኳሷን ይጠብቃሉ። መቺው ከቀናው ነጥብ ይቆጠርለታል። ወርዋሪው መቺውን ካሰናበተው ደግሞ "ዊኬት አገኘ" ይባላል። ትልቁ ዓይነት ቴስት ይባላል፤ እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። በመሃል ምሳ አለ፣ የሻይ ዕረፍት አለ፣ ከአምስት ቀን በኋላም አቻ ሊወጡ ይችላሉ። (አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው "ሥራ የላቸውም እንዴ?" አለኝ። ሥራቸው እኮ ነው።)

እ.ኤ.አ. በ2025 ሕንድ እንግሊዝ ሄዳ አምስት ቴስት ተጫወተች። ከጁን 20 እስከ ኦገስት 4። አምስቱም ጨዋታ እስከ አምስተኛው ቀን ዘለቀ። ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ስብራት፣ ጭቅጭቅ። መጨረሻው 2 ለ 2። ባይ ይህን ሁሉ ኤክሴል ላይ ለአንድ ሰው አንዲት ቁጥር አድርጎ ቋጨው። ዓባይን በጭልፋ ሲባል እንሰማ ነበር፤ ባይ ግን በአንድ ጭልፋ ቀድቶ ጨረሰው።

ችሎታው በደንብ የገባኝ በሞሐመድ ሲራጅ ነው።

ሲራጅ ፈጣን ወርዋሪ ነው። የመጨረሻው ቴስት ለንደን ኦቫል ላይ ነበር፣ እሑድ ኦገስት 3 አራተኛው ቀን ሆነ። እንግሊዝ ለማሸነፍ 374 ነጥብ ያስፈልጋታል። እንግሊዛዊው መቺ ሃሪ ብሩክ 19 ነጥብ ላይ እያለ ኳሷን ወደ ሰማይ አጎናት። ሲራጅ ሜዳው ዳር ቆሞ ቀለባት። በቃ፣ ብሩክ ወጣ ተባለ። ግን ሲራጅ ኳሷን እንደያዘ ወደ ኋላ ተንገዳገደና እግሩ የሜዳውን ወሰን ረገጠ። ሕጉ ግልጽ ነው፦ መቺው አይወጣም፣ እንዲያውም 6 ነጥብ ይጨመርለታል። ሲራጅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ብሩክ ቀጠለና 111 አስቆጠረ።

ባይ ቤቱ ሶፋው ላይ ነበር። እሱ ግን ፊቱን አልሸፈነም። ስልኩን አወጣ። የሲራጅ ማርክ 7 ነበር፤ አጥፍቶ 2 አደረገው። ስክሪንሾቱን ለሁላችንም ላከ። ሥሩም "ይህ ሰው ለሀገር ይጫወታል?" ብሎ ጻፈ። ቆራጥነት ማለት ይኼ ነው። እኔ ብሆን ቢያንስ ጨዋታው እስኪያልቅ እጠብቅ ነበር። ለዚህ ነው እኔ ሰው መመዘን የማልችለው።

ሰኞ ጠዋት እንግሊዝ 35 ነጥብ ብቻ ቀርቷታል፣ ገና የሚሰናበቱ አራት ሰዎች አሏት። ሲራጅ ያን ጠዋት ተነስቶ "እመን" የሚል ጽሑፍ ያለበትን የሮናልዶን ፎቶ ከጉግል ፈልጎ ስልኩ ላይ ለጠፈ። ከዚያ ወጥቶ ከአራቱ ሦስቱን አሰናበተ። የመጨረሻውን ሰው ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች በኳስ ነቅሎ ነው የሸኘው። ሕንድ በ6 ነጥብ አሸነፈች። ሲራጅ በአምስቱም ጨዋታ ተሰልፎ 1,113 ኳስ ወርውሯል፣ 23 ዊኬት አግኝቷል። ከሁለቱም ቡድን ያን ያህል ያገኘ የለም።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስመለስ ባይ ቆሞ ነው የጠበቀኝ። "10 ከ10!" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ትናንት 2 አልሰጠኸውም?" አልኩት።

"የትኛው 2?"

ስክሪንሾቱን አሳየሁት። ትንሽ አየው፣ ስልኬን በአክብሮት መለሰልኝ። "እሱ የድሮ ፋይል ነው" አለ። የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው ፋይል። ከዚያ ከሥራ ስንወጣ ጭራሽ ምሥጢሩን ገለጠልኝ። ሲራጅ ወሰኑን የረገጠው ለካ ብሩክን አጓጉቶ ቸኩሎ እንዲመታ ለማድረግ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ያሉት እንዲህ ያለውን ጀግና ነው።

ማርክ ሰጪ ደግሞ ቁጥር ሰጥቶ ብቻ አይተውም። የሥራ ምክርም ይሰጣል፣ በነጻ። የሲራጅ አባት ሃይደራባድ ውስጥ ባጃጅ ነጂ ነበሩ። (እነሱ "ኦቶ" ይሉታል፤ ያው የእኛው ባጃጅ ነው።) ልጁ በአንድ የሀገር ውስጥ ውድድር በደንብ ሳይወረውር ሲቀር፣ "ሂድና ከአባትህ ጋር ባጃጅ ንዳ" ያሉት ብዙ ነበሩ። ራሱ ነው የተናገረው። አባቱ በ2020 ሲሞቱ እሱ ከቡድኑ ጋር አውስትራሊያ ነበር። ሳይቀብር እዚያው ቀረ። በዚያው ጉብኝት ብሪዝበን ላይ በአንድ ዙር አምስት ሰው አሰናበተ። ባጃጁን የመከሩት ሰዎች ያን ቀን ምን ያህል እንደተደሰቱ መገመት ይቻላል። የምክራቸው ፍሬ ነዋ።

ወደ ጃስፕሪት ቡምራ ልለፍ። በዚህ ዘመን ከእሱ የሚበልጥ ወርዋሪ መፈለግ ከባድ ነው። ከእንግሊዝ በፊት በነበረው የአውስትራሊያ ጉብኝት ብቻውን 32 ዊኬት አግኝቷል። ሕንድ ያን ጊዜ 3 ለ 1 ስትሸነፍ እሱ የውድድሩ ኮከብ ተባለ። በመጨረሻው ጨዋታ ጀርባው እምቢ አለ፣ በሁለተኛው ዙር አንድም ኳስ መወርወር አልቻለም። ስለዚህ እንግሊዝ ላይ ከአምስቱ ሦስቱን ብቻ እንዲጫወት ገና ከመነሻው ተወሰነ።

አጋጣሚ ሆነና ሕንድ ያሸነፈቻቸው ሁለቱም ጨዋታዎች እሱ ያልተሰለፈባቸው ነበሩ። እንግዲህ የባይን ሳይንስ ተመልከቱ። ቡምራ ሲኖር፦ ሁለት ሽንፈት፣ አንድ አቻ። ቡምራ ሲቀር፦ ሁለት ድል። "ነገሩ ግልጽ ነው" አለኝ። "ችግሩ ቡምራ ነው።" በዚህ ስሌት ከሄድን እኔና ባይም አልተሰለፍንም፤ ድሉ የእኛ ነው ማለት ነው። ይህን ስነግረው አልሳቀም። ትንሽ ካሰበ በኋላ "እውነትህን ነው፣ ድጋፋችን ረድቷል" አለ።

ዝነኞቹ የሕንድ መቺዎች ቪራት ኮህሊና ሮሂት ሻርማ እንግሊዝ አልሄዱም። አውስትራሊያ ላይ ሮሂት በአምስት ዙር በድምሩ 31 ነጥብ ነው ያገባው። ኮህሊ በመጀመሪያው ጨዋታ መቶ ነጥብ መትቶ፣ ከዚያ በኋላ በተመሳሳይ ኳስ በተመሳሳይ መንገድ ደጋግሞ ወጣ። ባይ ጃንዋሪ ላይ ለሁለቱም 1 ሰጣቸው። "ጡረታ ይውጡ! ለወጣት ቦታ ይልቀቁ!" እያለ ሳምንት ሙሉ ሲጮህ ሰነበተ። ሜይ ላይ ሁለቱም በአምስት ቀን ልዩነት ከቴስት ጡረታ ወጡ። ባይ ያን ሳምንት ምሳ አልበላም። "እንዴት እንዲህ በድንገት! ማን ገፋቸው?" ይለኛል። የገፋቸውን ሰው በወንበሬ ልክ ርቀት ላይ አየዋለሁ፣ ግን ምን ይደረግ፣ ሐዘንተኛ ነው።

ባይን ብቻ አመስግኜ ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል። ማርክ ሰጪነት ከላይ ጀምሮ የተከበረ ሙያ ነው። የቀድሞውን የሕንድ መቺ፣ የጨዋታ ተንታኙን ሱኒል ጋቫስካርን ውሰዱ። ሰውየው በቴስት ታሪክ የመጀመሪያው ባለ 10,000 ነጥብ ነው፤ እሱ እንኳን ቢፈርድ ያምርበታል። ሜልበርን ላይ ዲሴምበር 2024 ሕንዳዊው መቺ ሪሻብ ፓንት ኳሷን ወደ ኋላ ሊጠልዛት ሲል ወጣ። ጋቫስካር ማይክሮፎን ላይ "ጅል፣ ጅል፣ ጅል!" አለ። ሦስቴ። ጁን 2025 ሊድስ ላይ ያው ፓንት፣ በዚያው የእብድ አመታቱ መቶ ገባ። ያው ጋቫስካር "ግሩም፣ ግሩም፣ ግሩም!" አለ። ይህም ሦስቴ። ቢያንስ በቁጥር አላዳላም። ፓንት በዚያው ጨዋታ በሁለተኛው ዙርም ሌላ መቶ ደገመ። ሕንድ በዚያ ጨዋታ በአጠቃላይ አምስት ጊዜ መቶ ነጥብ የመታ ሰው ኖሯት ተሸነፈች። አምስት ጊዜ መቶ ተመትቶለት የተሸነፈ ቡድን በቴስት ታሪክ ከዚያ በፊት አልነበረም። ባይ ያን ቀን ኤክሴሉ ተበላሸ አለ። ሁሉም 9 ነው፣ ቡድኑ 0 ነው፣ ፎርሙላው አልሠራ አለው።

ካፒቴኑ ሹብማን ጊልን ደግሞ ገና ሳይነሳ 4 ሰጥቶት ነበር። "ከሀገር ውጭ መምታት አይችልም፣ በዚያ ላይ ገና 25 ዓመቱ ነው።" ጊል በርሚንግሃም ላይ በመጀመሪያው ዙር 269፣ በሁለተኛው 161 መታ። በአምስቱ ጨዋታ 754። ባይ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እኔ እኮ ብያለሁ!" እውነት ነው፣ ብሏል። ሌላ ነገር ነው እንጂ ያለው።

አንባቢ ሆይ፣ "ይኼ የሕንዶች ጣጣ ነው" ብለህ እንዳትስቅ። ትዕግስት አሰፋ ቶኪዮ ላይ፣ በ2025ቱ የዓለም ሻምፒዮና፣ 42 ኪሎ ሜትር ሮጣ ስታዲየም ውስጥ በሁለት ሰከንድ ተቀደመች። ብር። ያን ቀን የእኛ ሰው ስልኩ ላይ ምን ሲል እንደዋለ አይቻለሁ። "ትንሽ ብትጨምር ኖሮ።" ይህን የጻፈው ሰው ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ ሁለተኛው ላይ ቆሞ ስልክ የሚያወራ የሚመስል ነው፣ ትንፋሹ እስኪመለስ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። የማርክ ሰጪ ብልሃቱ ከበሮውን አለመያዙ ነው።

ካሩን ናይርንም ልጥቀስ። ይህ ሕንዳዊ መቺ በ2016 በአንድ ዙር 303 መትቶ፣ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከቡድኑ ተረሳ። በ2022 ትዊተር ላይ "ውድ ክሪኬት፣ አንድ ተጨማሪ ዕድል ስጠኝ" ብሎ ጻፈ። እንግሊዝ ላይ ዕድሉ መጣ። ስምንት ዙር፣ 205 ነጥብ። ከዚያ በኋላ በነበረው ውድድር አልተጠራም። ባይ "4" አለ፣ ሳይቆም፣ ሌላ ስም እየፈለገ። ስምንት ዓመት የጠበቀ ሰው፣ በአንድ የጣት ምት።

ባይ ቅን ሰው ነው፣ ለተቃራኒ ቡድንም ማርክ ይሰጣል። ለእንግሊዞቹ ሲሞላ አንድ ሳጥን ባዶ ሆና አየኋት። ክሪስ ዎክስ። ይህ ሰው ኦቫል ላይ በመጀመሪያው ቀን ኳስ ሲያሳድድ ወድቆ ትከሻው ወለቀ። በመጨረሻው ቀን ቡድኑ ዘጠኝ ሰው አጥቶ ጥቂት ነጥብ ሲቀረው፣ የግራ እጁን በሹራቡ ውስጥ አንጠልጥሎ፣ መምቻ እንጨቱን በሌላው ይዞ ወጣ። ኳስ አልደረሰውም። ጓደኛው ሲመታ ግን አብሮ መሮጥ ነበረበት፣ በሮጠ ቁጥር ፊቱ ይጨማደድ ነበር። ከዚያ ሲራጅ ጓደኛውን አሰናበተውና አለቀ። ዎክስ በዚያ ዙር፦ 0 ኳስ፣ 0 ነጥብ።

ባይ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። እንዲህ ሲያመነታ አይቼው አላውቅም።

"ምን ልስጠው?" አለኝ።

"እኔ አላውቅም።"

"አልመታም። ኳስ እንኳ አልደረሰውም። ሕግ ሕግ ነው።" 0 ጻፈ። ስክሪኑን አየው። አጠፋው። 1 አደረገው።

"ስለመጣ" አለኝ።